የመህሬ ድንጋይ ከነጉድፉ

የልጅ ልጄ ሰሚራ ልትታጭ ነው። «እማማ፣ ቀለበቱን እርስዎ ሳያዩት አልመርጥም» ብላ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ድረስ ጎትታ አስመጣችኝ። እውነቱን ለመናገር የፈለገችው ዓይኔን አይደለም፣ ምላሴን ነው፤ ዋጋ ላይ ስከራከር የሚረታኝ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሱቅ ተወልጄ ሱቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴን ሰይድን «ተነስ፣ አብረን እንሂድ» ብለው «እኔ ጌጥ ቤት ምን አለኝ? ወገቤም መኪና አይችልም» ብሎ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው መኪና አይችልም! ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ አውቄበታለሁ፤ እሱም እንዳወቅኩበት ያውቃል።

ጌጥ ቤቱ በሩ መስታወት፣ ጠረጴዛው መስታወት ነው፤ ሻጩ ልጅ ራሱ ከመወልወሉ የተነሳ መስታወት ሊሆን ምንም አልቀረው። ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ አራት ድንጋዮች ደረደረልንና «እነዚህ አራቱ አንድ ዓይነት ይመስሉዎታል፣ አይደል እማማ?» አለኝ። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አልኩት። ሳቀና ያስረዳኝ ጀመር። አልማዝ በአራት ነገር ይመዘናል አለ። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ ካራት ይሉታል። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ ምንም ቀለም የሌለበት ድንጋይ «ዲ» የሚል ፊደል ይሰጠዋል፣ ወደ ቢጫ ባደላ ቁጥር ፊደሉ እየወረደ «ዜድ» ይደርሳል። «ኤ፣ ቢ፣ ሲስ ምን በደሉ?» ብለው «እኔም ስማር ጠይቄ ነበር» ብሎ በትሕትና አለፈው። ሦስተኛው የውስጡ ጥራት ነው፤ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ ጉድፍ ወይም ስንጥቅ አለበት ወይስ የለበትም ነው ነገሩ። አራተኛው አቆራረጡ ነው፤ የገባበትን ብርሃን መልሶ ወደ ዓይን ይልካል ወይስ በሥሩ አፍስሶ ያስቀረዋል። ልጁ «ጉድፍ» ሲል ሳላስበው ጣቴን አየሁ። ጣቴ ላይ ያለችው ቀለበት ከአጥንቴ ጋር ተዋድዳ በሳሙና ካልሆነ አትወጣም። ሰሚራ ዋጋ መጠየቅ ጀምራለች፤ እኔ ግን በሐሳቤ ሰቆጣ ገብቼ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ።

የአባቴ ሱቅ ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ታጥፎ ወደ መስጊዱ በሚወስደው ጥግ ላይ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የምቆጥረው በገባው ጨርቅ ነው። አበበኛ ናይለን ሻርብ የገባበት ዓመት ነበር፤ አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ያለበትን ሻርብ ያልለበሰች ልጅ ገበያ አትወጣም። ወንዶቹ ካኪ ይለብሳሉ፤ ደህና የደላው ቴትሮን ሸሚዝ ከቤልቦተም ሱሪ ጋር ያደርጋል። ያ ሱሪ አዲስ አበባ ሞዱ ካለፈ በኋላ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው፤ ሰቆጣ ሲደርስ ግን አዲስ ነው፣ ምን ገዶን። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል። ስኳር በቀበሌ ሰልፍ ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና ነፍስ ይዘራል፤ በየደጃፉ እንደ በርበሬ ተሰጥቶ ታየዋለህ። በገበያ ቀን ከሰሃላ በእግራቸው ሌሊቱን የተጓዙ ሰዎች ማር በቅልና በስልቻ ተሸክመው ይደርሳሉ፣ ከኒሯቅ በኩል ፍየል ይነዳል፣ ጨው በግመል ይመጣል። አባቴ በአማርኛ ይከራከራል፣ በዐረብኛ ይምላል፣ ሒሳቡን ግን የሚያሰላው በኽምጣኛ ነበር። መማሉን እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ገበያ በመሐላ ነው የሚንቀሳቀሰው። ፍየል ሻጩ «ወላሂ ወተቷ ቤት ይሞላል» ይላል፣ ጨርቅ ሻጩ «እናቴን ይንሳኝ ቀለሙ አይለቅም» ይላል፣ ክርስቲያኑ በታቦቱ ይገዘታል፤ ማታ ጨርቁ ሲታጠብ ቀለሙ ወንዝ ይወርዳል።

አክስቴ ዘይነባ የማር ነጋዴ ነበረች። መሐላ አትሰማም፣ ማሩን ብቻ ነው የምታየው። የእኛ አገር ማር ነጭ ነው፤ ነጩ አንደኛ፣ ገርጣ ያለው ሁለተኛ፣ ቀዩ ለጠጅ ጣዮች። በእንጨት ታነሣና ወደ ፀሐይ ታቀናዋለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ የንብ ክንፍ። «ንብ ያልሞተበት ማር ስኳር ነው» ትላለች። ጥርት ብሎ ምንም የሌለበት ማር ያመጣ ሰው ከእርሷ ዘንድ ተሰድቦ ነው የሚመለሰው። የከተማ ገዢ ደግሞ የሚወደው ያንኑ ጥርት ያለውን ነው፤ በዚህ የተነሳ ስትጨቃጨቅ ነው ያረጀችው። ነፍሷን ይማርና ጭቅጭቅ ትወድ ነበር።

ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከደሴ በኮረም በኩል ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ መንገዱ የሚከፈተው ወታደር ሲያጅብ ብቻ ስለሆነ አንዴ ከሄደ የሚመለስበት ወር አይታወቅም። የአባቴን ሳሙናና ጋዝ የሚያራግፈው እሱ ነው። ሳሙናውን ሲያወርድ እኔ እቆጥራለሁ፤ እሱ አውቆ ያሳስተኛል፣ እኔም አውቄ እሳሳታለሁ፣ ቆጠራው ከአንድ ብሎ ይጀመራል። እንዲህ እንዲህ ስንል ሽማግሌ ላከ። አባቴ «የሾፌር አገሩ መንገድ ነው» ብሎ ሁለቴ መለሳቸው። በሦስተኛው አክስቴ ገብታበት አባቴ «እሺ፣ በዚህ ጉዞው ኒካህ ይሰር» አለ። ቀጥሎም ማለ፤ ያለ መሐላ መች ይሆንለታል፤ «በዚህ ጉዞው ካልሆነ ወላሂ ሌላ የለም!» ኒካሁ የሚታሰርበት ቀን መኪኖቹ በማግስቱ ጠዋት በአጀብ ወደ ኮረም የሚመለሱበት ዋዜማ ነበር። ዛሬ ሆነ፣ ሆነ። ዛሬ ካልሆነ ሰይድን አላገኘውም። እንቅልፍም እህልም የነሳኝ ይኸው ነበር።

በእኛ ደንብ ሸህ ኒካህ ሲያስሩ መህሩን፣ ወንዱ ለሴቲቱ የሚሰጣትን ማለት ነው፣ በምስክር ፊት በስሙ ይጠሩታል። ወርቅ ከሆነ ወርቅ፣ ላም ከሆነች ላም። ሰይድ ከኪሱ መሐረብ አወጣ፣ ከመሐረቡ ቀለበት አወጣ። ቀለበቱ ወርቅ ነው፣ ወርቁን ሁሉም ያውቃል። አናቱ ላይ ግን ብልጭ የምትል ነጭ ድንጋይ አለች። ደሴ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የየመን ሰው ነው የሸጠለት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሻርብ በሻርብ ላይ ተከናንቤ፣ በቀዳዳ አያለሁ።

«ይህቺ ድንጋይ ምንድን ናት?» አሉ ሸኹ።

«የሸጠልኝ ሰው አልማዝ ናት ብሎኛል» አለ ሰይድ።

«አንተስ? አልማዝ ናት ትላለህ?»

ሰይድ ቀለበቷን አገላብጦ አየ። ሚዜዎቹ በክርናቸው ይጎሽሙታል፤ «ናት በላ! ናት በልና ገላግለን!» ሲሉት መጋረጃ ጀርባ ሳይቀር ይሰማል። ሰይድ ላቡን በዚያው መሐረብ ጠረገና «እኔ ሾፌር ነኝ፣ ሸህዬ። አላውቅም» አለ።

ሴቶቹ «ውይ! ሞኙን እዩት!» ብለው አፋቸውን ያዙ። እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ገበያ አንድ ወንድ ስለያዘው ዕቃ «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀዳዳዋን በጣቴ ሰፋ አደረግኳት።

አባቴ ብድግ አለ። «አላውቅም? የማታውቀውን ነገር ነው ለልጄ ይዘህ የመጣኸው?» ሸኹም «ስሙ ያልታወቀ ነገር እንዴት ብዬ እጠራለሁ? አልማዝ ከሆነች አልማዝ እላለሁ፣ ብርጭቆም ከሆነች ብርጭቆ እላለሁ። የሚያብለጨልጭ ነገር ብዬ ግን አላስርም» አሉ። እንግዲህ ምርመራው ተጀመረ። ሰቆጣ ውስጥ አልማዝ ያየ ሰው የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ዕቃ መመርመር ያውቃል፣ ሁሉም በለመደው ተነሣ። አባቴ ነከሳት፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ እንደ ብር ድምጿን አዳመጠ። ጨው ነጋዴው ተቀበለና፣ አይ የሰው ነገር፣ ላሳት! ሁለት ጊዜ ላሰና አሰብ አድርጎ «ጨው አይደለችም» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አትሳቁ» አለ፣ «ትቀዘቅዛለች። ብርጭቆ ምላስ ላይ እንዲህ አይቀዘቅዝም።» ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረለትም።

ከዚያ ቀለበቷ ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው አያ ደሳለኝ ጋ ደረሰች። ሰዓት ሲፈታ ዓይኑ ላይ የሚሰካት ትንሽ ማጉያ ነበረችው፤ ከኪሱ አትጠፋም። ወደ በሩ ብርሃን ዞሮ ቆይቶ ቆይቶ «ምን እንደሆነች አላውቅም» አለ፤ «ጉድፍ ግን አለባት። ከጠርዟ አጠገብ ክንፍ የመሰለች ነገር አለች።» ጉድፍ! ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ማደግ ጀመረ። አንዱ «ጉድፍ» ያለውን ሁለተኛው «ስንጥቅ» አለው፤ ከበሩ ሲደርስ «የተሰበረች ናት አሉ» ሆኗል። ይኼኔ ከወደ ጥግ አንዱ «እውነተኛ አልማዝ በመዶሻ ቢመታ አይሰበርም ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። አባቴ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። «ዘነዘና አምጡ!»

የበርበሬው የብረት ዘነዘና መጣ። ቀለበቷ የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰይድን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አባቴ እጅጌውን ሰበሰበና ዘነዘናውን አነሣ።

ሙሽራ በኒካሁ ቀን ድምጿ አይሰማም። እናቴ ይህን ሳምንት ሙሉ ስትመክረኝ ነበር። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፣ «አባዬ፣ ይተዉ! የማንን ዕቃ ነው የሚሰብሩት?» ብዬ ጮኽኩ።

እናቴ ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ለሳምንት አልጠፋም። ዘነዘናው እንደተነሣ ቀረ። ሸኹ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። «ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉ። «መህር የሴቲቱ ነው፣ የአባት አይደለም። ያለ ፈቃዷ ማንም አይሰብርባትም።»

«ታዲያ ምን ብለው ሊጠሯት ነው?» አለ አባቴ።

«አይታ ከተቀበለቻት ስሟ ባይታወቅም ግድ የለም። ወስዳችሁ አሳዩአት።»

አክስቴ ዘይነባ ቀለበቷንና የአያ ደሳለኝን ማጉያ ነጥቃ ገባች። መጀመሪያ ለእኔ መስጠት ነበረባት፤ ማን ሊሰጠኝ! መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ፀሐይ አቀናቻት፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። ከዚያ በመጋረጃውም በግድግዳውም በኩል በሚሰማ ድምፅ «ክንፍ አላት!» አለች። «ሐዋ፣ ክንፍ አላት! ይህቺ ስኳር አይደለችም!» በማር ነበር የመዘነቻት። እኔም ተቀብዬ አየሁ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር፣ ከዚያ ዳር ላይ ነጣ ያለች፣ የቀጠነች ነገር ታየችኝ። ሸኹ ከወዲያ ማዶ «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ።

«ከነጉድፏ ተቀብያለሁ» አልኩ።

ሸኹም በምስክር ፊት «ይህቺ ቀለበት፣ ከነድንጋይዋ፣ ከነጉድፏ» ብለው አሰሩት። ድቤው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አባቴ ዘነዘናውን ይዞ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ቆመ። በማግስቱ ጽጌረዳ ያለበትን ሻርብ ለብሼ ከሰይድ ጎን ተቀምጬ ዳገቱን ወጣን። ፊታችን ወታደር፣ ኋላችን አቧራ። ሬዲዮው የከሸፈ ድንጋይ ይዞ አንድ ዘፈን ጀምሮ ግማሹ ላይ ተወው፤ የቀረውን ሰይድ ጨረሰው። ድምፁ አያምርም፣ ግጥሙንም አያውቅም። ኮረም ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ግን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አለፈ። ክፉው ጊዜ መጣ፣ ወርቁም ብሩም ከቤታችን ወጣ። ይህቺ ቀለበት ብቻ ቀረች፤ ድንጋይዋን የሚያምናት ገዢ ጠፋ፣ ለወርቋ ብቻ ልሸጣት ደግሞ አልፈለግኩም። ሰይድን ግን ውስጥ ውስጡን ስትበላው ኖረች። ጉዞ በቀናው ቁጥር «ሐዋ፣ አንድ ቀን እውነተኛውን እገዛልሻለሁ» ይላል። «በፊት የቤቱን ቆርቆሮ ቀይር» እለዋለሁ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ልጆች ተዳሩ፣ እሱ አሁንም «አንድ ቀን» እንዳለ ነው። ብርጭቆ ሰጥቼ አግብቻት ይሆን የሚለው ነገር ከልቡ አልወጣለትም። አዲስ አበባ ያልመጣውም ይህንኑ ላለመስማት ነው።

ጌጥ ቤት ውስጥ ጣቴን በሳሙና አሽተን አሽተን ቀለበቷ ወጣች። ልጁ መጀመሪያ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ መሣሪያ ነካ አደረጋት፤ ጢጥ አለ። «አልማዝ ሙቀት ይስባል» አለኝ፤ «ለዚህም ነው ሲነኩት የሚቀዘቅዘው።» ጨው ነጋዴው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ቆየ። ሰሚራ ክንዴን ጨብጣለች። እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ለራሴ አይደለም፣ ሰቆጣ ደጃፉ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ ነው።

«እማማ፣ አልማዝ ናት» አለ ቀና ብሎ።

ሰሚራ «ደረጃዋስ?» አለች ወዲያው። ልጁ አፈረ። ትንሽ ናት፣ ቀለሟ ወደ ቢጫ ያደላል፣ አቆራረጧ የድሮ ነው፣ ብርሃኑን ታፈሳለች፤ በጥራቷም ከታችኞቹ ናት። «ጠርዟ አጠገብ ስንጥቅ አለ። እኛ በሙያችን ላባ እንለዋለን። ብርጭቆ ብትሆን የማየው ክብ ክብ አረፋ ነበር። ላባዋ ደረጃዋን አውርዶታል፤ ግን መሬት ውስጥ የተፈጠረች ለመሆኗ አንዱ ምልክት ነው።» አክስቴ ይህን ሳትሰማ መሞቷ አሳዘነኝ፤ ብትሰማ ግን ማንም አይችላትም ነበር።

«በብረት ዘነዘና ብትመታስ?» አልኩት።

«ኧረ እማማ!» ልጁ ደነገጠ። «አልማዝ ጠንካራ ነው ሲባል አይጫርም ማለት እንጂ አይሰበርም ማለት አይደለም። በዚሁ ላባ በኩል ለሁለት ትከፈል ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ለሁለት ብትከፈል ኖሮ ሁሉም «ብርጭቆ ነበረች» ብሎ ይበተን ነበር፤ ሰይድም በማግስቱ ብቻውን ዳገቱን ይወጣ ነበር። ሰሚራ ይህ ሁሉ አልገባትም፤ ቀድሞ የፈለገችውን ቀለበት መረጠች፣ እኔም ልጁ እስኪያልበው ድረስ ዋጋ አስወረድኩላት።

ሰቆጣ ስደርስ ሰይድ ደጃፉ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮው ጭኑ ላይ አለ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀ፣ የመንገዱን ጠየቀ፤ አስፋልቱ እስከየት እንደደረሰ እንኳ ጠየቀ። ዓይኑ ግን ጣቴ ላይ ነው።

«ጣትሽ ተልጧል» አለ።

«ሳሙና ነው።»

«አሳየሻት?»

«አሳየኋት።»

ሬዲዮውን ዘጋ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «በይ ንገሪኝ እንግዲህ» አለ። «ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ልሸሽ ነው?»

«አልማዝ ናት» አልኩት። «እውነተኛ አልማዝ።»

ሰይድ ሲያለቅስ ሳየው የልጃችንን ቀብር ሳይጨምር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደጋገመው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ቆይቶ እንባውን ጠረገና እንደ ድሮው መሳቅ ጀመረ፤ ከሳቁ መሀል ድንገት ቆጨው።

«እና ያኔ፣ ሸህዬ ሲጠይቁኝ፣ አዎ አልማዝ ናት ብል ኖሮ እውነት ነበር የምናገረው?»

«እውነት ነበር።»

«ያ ሁሉ መላስ፣ ያ ሁሉ ዘነዘና ይቀርልኝ ነበር?»

«ይቀርልህ ነበር» አልኩት። «የሚምል ወንድማ ገበያው ሞልቶ ነበር። እኔም አብሬ በቀረሁብህ ነበር።»